አመለኛው ልጅ ስንት ያወጣል?

ቪዛ የመጣለት ሰው መኪና ሲሸጥ አይታችሁ ታውቃላችሁ? መኪናው ምንም አልሆነም። ሞተሩ ያው፣ ጎማው ያው። ግን ደላላው «ሰውየው በሚቀጥለው ሳምንት በራሪ ነው» የምትለዋን ወሬ አንዴ ከሰማ አለቀ። ገዢው ይመጣል፣ መኪናውን ዞር ዞር ብሎ ያያል፣ በሩን ከፍቶ ይዘጋል፣ ከዚያ ዓይን ያወጣ ዋጋ ይጠራል። ሻጩ ይናደዳል። ገዢው ግን አይቸኩልም፣ «ካልሆነ ይቅር፣ ስልኬ አለህ» ብሎት ይሄዳል። ሐሙስ ላይ የሚደውለው ራሱ ሻጩ ነው።

ይህቺን ከያዛችሁ የበረዶ ሆኪ የልውውጥ ወሬ ግማሹ ገብቷችኋል። እኔ የምኖረው ዋሽንግተን አካባቢ ነው። ብርዱ ሲገባ ባቡሩ ቀይ ማልያ በለበሰ ሰው ይሞላል፣ ለዓመታት «እነዚህ ደግሞ የት ነው የሚሄዱት» እያልኩ አልፌያቸዋለሁ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ጎትቶ ካስገባኝ ወዲህ ግን ከጨዋታው ይልቅ የተጫዋች ልውውጡ ነው ሱስ የሆነብኝ። በተለይ አንድ ነገር ይገርመኝ ነበር። ጎበዝ ነው የተባለ ግን «አመል አለበት» የሚል ስም የወጣለት የ19 ወይም የ20 ዓመት ልጅ ለገበያ ሲቀርብ ዋጋው እንዴት ነው የሚተመነው? እኔ የደረስኩበትን ከወዲሁ ልንገራችሁ፦ አመሉ ራሱ ዋጋውን ያን ያህል አይነካውም። ዋጋ የሚገድለው የሻጩ መቸኮልና መቸኮሉ መታወቁ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው።)

መጀመሪያ ሕጉን በአጭሩ። ኤንኤችኤል የሰሜን አሜሪካ ትልቁ የሆኪ ሊግ ነው፣ 32 ክለቦች አሉት። እንደ አውሮፓ እግር ኳስ የዝውውር ሂሳብ ከፍሎ ተጫዋች መውሰድ የለም። አርሴናል አጥቂ ሲፈልግ ሚሊዮኖቹን ቆጥሮ ያመጣዋል፤ እዚህ ግን ሰው በሰው ነው የሚለወጠው፣ አለዚያም ሰው በድራፍት ተራ። ድራፍት ማለት በየዓመቱ የሚካሄድ ምርጫ ነው። ክለቦቹ ተራ በተራ፣ ሰባት ዙር፣ ባብዛኛው የ18 ዓመት ልጆችን ይመርጣሉ። ደካማ የነበረ ክለብ ቀድሞ የመምረጥ ዕድሉ ሰፊ ነው። ልጁ አይጠየቅም። ስሙ ከተጠራ በኋላ ሊጉ ውስጥ ከዚያ ክለብ ሌላ ማንም ሊያስፈርመው አይችልም፣ መብቱ የክለቡ ነው፣ ክለቡም ከፈለገ ያንን መብት ለሌላ አሳልፎ ይሰጣል።

እነዚህ ልጆች እንዲህ የሚፈለጉት ደግሞ በደሞዝ ምክንያት ነው። ክለቦቹ ለደሞዝ የሚያወጡት ገንዘብ ጣሪያ አለው። የወጣት የመጀመሪያ ኮንትራት በሕግ የተገደበ ስለሆነ መነሻ ደሞዙ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ በዓመት ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በታች ነበር። በዚህ ደሞዝ 30 ጎል የሚያገባ ልጅ ያገኘ ክለብ የተረፈውን ብር ሌላ ኮከብ ላይ ያውለዋል።

ወደ አመሉ እንምጣ። «አመል» ሲባል ምን ማለታቸው እንደሆነ ቀርበን ካላየነው ሐሜት ብቻ ነው የሚሆነው።

በሆኪ በአንድ ጊዜ በረዶው ላይ ያሉት አምስት ተጫዋቾችና አንድ በረኛ ናቸው። ጨዋታው ሙሉ ኃይል ስለሚጨርስ አንድ ሰው 45 ሴኮንድ አካባቢ ይጫወትና ይወጣል፣ ሌላው አጥሩን ዘሎ ይገባል፣ ጨዋታው ሳይቆም። አሁን አንድ የ19 ዓመት አጥቂ አስቡ። 45 ሴኮንድ ሞልቷል፣ ጓደኞቹ እየወጡ ነው። እሱ ግን ጎል ሸቶታል፣ ይቆያል። አንድ ደቂቃ። አንድ ደቂቃ ከአሥር። ፓኩን (በኳስ ፋንታ የሚጫወቱበትን ጠፍጣፋ ጎማ) ይነጠቃል። እግሩ ዝሏል፣ ወደ ኋላ ሮጦ መከላከል አቅቶታል፣ ቀጥ ብሎ እየተንሸራተተ በራሱ ክለብ ላይ ጎል ሲገባ ከሩቅ ያያል። ወንበሩ ጋ ሲደርስ ዱላውን አጥሩ ላይ ይመታል፣ የውሃ ኮዳውን አንስቶ ፊቱን ከአሰልጣኙ ያዞራል። ላይ የተቀመጠው መልማይ አንገቱን ደፍቶ ይጽፋል። ይኸው ነው፣ ስም ወጣለት። እንዲህ ዓይነት ማስታወሻ ከሦስት ከአራት መልማይ ከተሰበሰበ በኋላ ልጁ 25 ጎል ቢያገባም «አዎ ግን…» የምትለዋ ነገር ትከተለዋለች።

ችግሩ ይህቺ አንዲት ቃል ሦስት የማይገናኙ ነገሮችን መሸከሟ ነው። አንዱ አሁን ያየነው ነው፣ ያልበሰለ ልጅ። ሁለተኛው አመል እንኳን አይደለም፤ ልጁ እሱን የመረጠው ክለብ ጋ መሄድ አይፈልግም፣ አለቀ። ሦስተኛው ሰው የጎዳ ልጅ ነው፣ እሱ የዋጋ ጉዳይ ሳይሆን የሕሊና ጉዳይ ነው። አሪዞና በ2020 በአራተኛው ዙር የመረጠው ተከላካይ ነበር። ልጅ ሳለ አንድ የክፍል ጓደኛውን ለዓመታት ሲያሠቃይ እንደነበር አደባባይ ሲወጣ ክለቡ በሳምንታት ውስጥ መብቱን ጣለው። በ2022 ቦስተን አስፈርሞት በሁለተኛው ቀን አሰናበተው። በምትኩ የተገኘ ተጫዋችም ሆነ ተራ የለም። ይህንን ጨዋታው ውስጥ ከሚሰንፍ ልጅ ጋር በአንድ ቃል መጥራት ለእኔ ነውር ነው። እሱን እዚሁ እንተወው።

የማይፈልገውን ልጅ እንይ። ካተር ጎቲዬ የሚባል አጥቂ አለ። አባቱ በረኛ ነበር፣ ስዊድን ሲጫወት ነው ልጁ እዚያው የተወለደው። በ2022 ድራፍት ፊላዴልፊያ በአምስተኛነት መረጠው። ልጁ ያን ቀን ደስ ብሎት ነበር፣ ፊቱ ላይ ይታያል። ከጊዜ በኋላ ግን ሐሳቡን ቀየረ፣ ለፊላዴልፊያ አልጫወትም አለ። ለምን? በይፋ አጥጋቢ መልስ ተሰጥቶ አያውቅም፣ እኔም አልገምትም። የክለቡ ሰዎች የዓለም የወጣቶች ሻምፒዮና ላይ ሳለ ስዊድን ድረስ ሄደው ሊያናግሩት ቢሞክሩ አላገኛቸውም።

እዚህ ላይ ነው የፊላዴልፊያው ጄኔራል ማናጀር (ተጫዋች የሚለውጠው ኃላፊ) የዳኒ ብሪየር ብልጠት። ዝም አለ። ነገሩ ለወራት ተይዞ አንድም ጋዜጠኛ ጆሮ አልገባም። ጃንዋሪ 5 ቀን 2024 አሜሪካ ዋንጫውን ወሰደች፣ ጎቲዬ ከቡድኑ ድምቅ ብለው ከታዩት አንዱ ነበር። በሦስተኛው ቀን፣ ጃንዋሪ 8፣ ወደ አናሃይም ተለወጠ። በምትኩ የመጣው ጄሚ ድራይስዴል ነው፣ በ2020 በስድስተኛነት የተመረጠ ተከላካይ፣ ከላዩ ላይ የሁለተኛ ዙር ተራ። አምስተኛ ሰጥቶ ስድስተኛ መቀበል ማለት እኮ ነው! ሕዝቡ ልጁ አልፈልግም ማለቱን የሰማው ከልውውጡ ጋር ነው። በእኛ ቋንቋ መኪናው ከተሸጠ በኋላ ነው ደላላው ስለ ቪዛው የሰማው።

ልጁ በመጀመሪያ ሙሉ ዓመቱ 20 ጎል አገባ። ጃንዋሪ 2025 ላይ ፊላዴልፊያ ሲመጣ ፓኩን በነካ ቁጥር አዳራሹ በጩኸት ተቀበለው። ድራይስዴል ደግሞ ጉዳት ሲያመላልሰው የቆየ ልጅ ስለሆነ ማን አተረፈ የሚለው ክርክር ሌላ ነገር ነው፤ እኔ የማወራው ስለ ዋጋ ነው። በዚያች ቀን፣ በዚያች ሰዓት፣ ፊላዴልፊያ አልከሰረም።

በ2024 ኦገስት ላይም ተመሳሳይ ነገር ሆነ። ዊኒፔግ በ2022 በ14ኛነት የመረጠው ራትገር ማክግሮርቲ ከክለቡ ጋር ሳይስማማ ቀረ፣ ወደ ፒትስበርግ ተለወጠ። የመጣው ብሬደን ዬገር ነው፣ በ2023 በ14ኛነት የተመረጠ። ዐሥራ አራተኛ በዐሥራ አራተኛ። እንግዲህ አመል ዋጋ ይቀንሳል የሚለው ሰው ይህቺን ያስረዳኝ።

ግን ሁልጊዜ እንዲህ አያምርም፣ ምክንያቱም የመብቱ ዕድሜ ያልቃል። በቆየው ሕግ ክለቡ በካናዳ የወጣቶች ሊግ ያለን ልጅ ለማስፈረም ያለው ጊዜ ሁለት ዓመት ነው፣ አለዚያ ልጁ ድራፍት ውስጥ ተመልሶ ይገባል። የአሜሪካ ኮሌጅ የገባ ልጅ ግን አራት ዓመቱን ከጨረሰ፣ ኦገስት 15 ላይ ነፃ ሰው ነው፣ ከፈለገው ክለብ ጋር ይፈርማል። ይህቺን ቀን ብዙ ጄኔራል ማናጀር እንደ ቤት ኪራይ ቀን ነው የሚፈራት።

ጂሚ ቬሲ የሃርቫርድ ተማሪ ነበር፣ ናሽቪል በ2012 በ66ኛነት የመረጠው። በ2016 ኮሌጁን ጨርሶ አልፈርምም አለ። ናሽቪል የቀረችውን ሁለት ወር መብት ለባፋሎ ሸጠ፣ ዋጋዋ አንድ የሦስተኛ ዙር ተራ። ባፋሎ የገዛው ልጁን አልነበረም፣ ልጁን የማናገር ፈቃድ እንጂ። ቬሲ ኦገስት 15ን ጠብቆ ኒውዮርክ ሬንጀርስ ገባ፣ ባፋሎ ባዶ እጁን ቀረ።

ይህንን አዳም ፎክስ ይበልጥ ያሳየናል። እሱም ሃርቫርድ፣ እሱም 66ኛ (እንዲያው አጋጣሚ ነው)፣ በ2016 ካልጋሪ የመረጠው ተከላካይ። የኒውዮርክ ሎንግ አይላንድ ልጅ ነው፣ አገር ምድሩ ቤቱ መመለስ እንደሚፈልግ ያውቃል። ካልጋሪ በ2018 ትልቅ ልውውጥ ውስጥ ጨምሮ ለካሮላይና ሰጠው። ካሮላይናም ማስፈረም አቃተው። ኤፕሪል 2019 ላይ ለሬንጀርስ ተሰጠ፣ ዋጋው አንድ የሁለተኛ ዙር ተራና ከፍ ሊል የሚችል አንድ የሦስተኛ ዙር ተራ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ2021፣ የሊጉ ምርጥ ተከላካይ ተብሎ የኖሪስን ሽልማት ወሰደ።

ፎክስ አመል ነበረበት? ማንም አላለም። መልበሻ ክፍል ውስጥ የተጣላው ሰው የለም፣ የሰበረው ዱላ የለም። ግን ከጎቲዬ በርካሽ ሄደ። ለምን ብትሉ ገዢው አንድ ነበር፣ ገዢውም አንድ መሆኑን ያውቅ ነበር። ዝም ብሎ ቢጠብቅ በነፃ ሊያገኘው እንደሚችልም ያውቃል። ሻጩ የጠየቀው «እንዳትጠብቅ ትንሽ ጣል አድርግ» ነው።

አሁን ደግሞ እኔ በጣም ወደምወደው ታሪክ ልግባ፣ ምክንያቱም አብዛኛው ማናጀር የሚያጣው ትዕግሥት እዚህ አለ።

ጆናታን ድሩዋን የኩቤክ ልጅ ነው። በ2013 ታምፓ ቤይ በሦስተኛነት መረጠው። ፓክ ሲይዝ እጁ የተባረከ ነው፣ ግን የአሰልጣኙን እምነት አላገኘም፣ አንዴ ይገባል አንዴ ይቀመጣል። ኖቬምበር 2015 ላይ ልቀቁኝ ብሎ ጠየቀ፣ በምስጢር። ጃንዋሪ ሲገባ ክለቡ ወደ ታችኛው ሊግ አወረደው፣ ያኔ ወኪሉ አላን ዎልሽ ጥያቄውን አደባባይ አወጣው። ጃንዋሪ 20 ላይ ልጁ ከታችኛው ቡድን ከሲራክዩስ ጋር ዛሬ አልጫወትም አለ። ታምፓ ያለ ደሞዝ አገደው።

ገበያውን አስቡት። ልጁ 20 ዓመቱ ነው፣ አይጫወትም፣ ታግዷል፣ በየቴሌቪዥኑ «ትዕቢተኛ» እየተባለ ነው፣ ሊጉ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ሻጩ ራስ ምታት እንደያዘው ያውቃል። የታምፓ ጄኔራል ማናጀር ስቲቭ አይዘርማን ነበር፣ በዘመኑ ታላቅ ተጫዋች የነበረ፣ ብዙ የማያወራ ሰው። ስልክ እንደሚደወልለት መገመት አይከብድም፤ ግን የሚደውለው ሰው ሁሉ የሐሙሱን የመኪና ዋጋ ነው የሚጠራው። የልውውጡ መዝጊያ ቀን ፌብሩዋሪ 29 ነበር። መጣ። አለፈ። አይዘርማን አልሸጠም።

ይህ ለምን ተቻለ? ድሩዋን የኮሌጅ ልጅ አልነበረም፣ ኦገስት 15 የምትባል ቀን የለችውም። ኮንትራት ፈርሟል፣ መብቱ ገና ለዓመታት የታምፓ ነው። ጊዜው የሚያልቀው በክለቡ ሳይሆን በልጁ ላይ ነው። ወጣትነቱ እየነደደ ቤቱ የተቀመጠው እሱ ነው። ማርች ላይ ልጁ ሲራክዩስ ተመልሶ ሪፖርት አደረገ፣ ጎልም ማግባት ጀመረ። ዋናው ክለብ አምበሉ ስቲቨን ስታምኮስ በደም መርጋት ሲወጣበት ድሩዋንን ጠራው። በዚያ የጥሎ ማለፍ ጨዋታ፣ ከሁለት ወር በፊት «የማይረባ» የተባለው ልጅ፣ በ17 ጨዋታ 14 ነጥብ አስመዘገበ (በሆኪ ጎልም ለጎል ማቀበልም አንዳንድ ነጥብ ነው)። በቀጣዩ ዓመት 21 ጎልና 53 ነጥብ።

ጁን 2017 ላይ ያኔ ሸጠው። ሞንትሪያል ነው የገዛው፣ ዋናው ዋጋ ሚካይል ሰርጋቾቭ፣ በ2016 በዘጠነኛነት የተመረጠ ገና 19 ያልሞላው ተከላካይ። ሰርጋቾቭ ከታምፓ ጋር በ2020 እና በ2021 የሊጉን ዋንጫ፣ ስታንሊ ካፕን፣ አነሳ። ልብ በሉ፣ በፌብሩዋሪ 2016 እና በጁን 2017 መካከል የልጁ አመል ተመርምሮ «ድኗል» ያለ ሰው የለም። የተቀየረው ማግባቱ ነው፣ የተቀየረው ደግሞ ሻጩ አለመቸኮሉ መታወቁ ነው። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባል የለ።

ያልተሳካላቸውንም ማየት አለብን፣ አለዚያ ተረት ይሆናል። ኮለምበስ በ2008 ኒኪታ ፊላቶቭን በስድስተኛነት መረጠ፣ በ2011 በአንድ የሦስተኛ ዙር ተራ ለኦታዋ ሰጠው። ሬንጀርስ በ2018 ቪታሊ ክራቭትሶቭን በዘጠነኛነት መረጠ። ልጁ ወደ ታችኛው ሊግ አልወርድም ብሎ ሩሲያ ተመለሰ፣ እንደገና መጣ፣ አልሆነም፣ በ2023 በአንድ ተጠባባቂ አጥቂና በአንድ የ2026 ሰባተኛ ዙር ተራ ወደ ቫንኩቨር ሄደ። ሰባተኛ ዙር ማለት የመጨረሻው ነው፣ ከዚያ በታች የለም። ከእሱ በፊት የነበረው ሊያስ አንደርሰን ደግሞ በ2017 ሰባተኛ ሆኖ ተመርጦ፣ በ2019 መጨረሻ የታችኛውን ቡድን ጥሎ ስዊድን ገባ፣ በ2020 በ60ኛዋ ተራ ወደ ሎስ አንጀለስ ተለወጠ። ሬንጀርስ በዚያች ተራ የመረጠው ዊል ካይሊ የሚባል አጥቂ በ2024-25 20 ጎል ስላገባ ያ እንኳን ደህና ተገላገለ ሊባል ይችላል።

እነዚህ ሦስቱ ከድሩዋን በምን ይለያሉ? ኤንኤችኤል ውስጥ ያን ያህል ጎል አላገቡም። ያገባ ልጅ አመሉ «የኮከብ ነገር» ይባልለታል፣ ያላገባው ደግሞ ያላገባበት ምክንያት አመሉ ነው ይባላል። አንድ ዓይነት ልጅ፣ ሁለት ስም። ሁለተኛ፣ አልጫወትም ብሎ የሄደ ልጅን ገዢው ማየት አይችልም። ያላየውን ዕቃ ማን በደህና ዋጋ ይገዛል? እነ ፊላቶቭ አገራቸው ገብተው በደህና ደሞዝ መጫወት ስለሚችሉ ማስፈራሪያቸው እውነተኛ ነበር፤ ግን ያው ማስፈራሪያ ቀጣዩንም ገዢ ያስፈራዋል፣ ዋጋውም አብሮ ይወርዳል።

ስለ ዋጋ አወራረድ ካነሳን አይቀር የፒየር-ሉክ ዱብዋን ሰንሰለት ላሳያችሁ፣ እኛ ሰፈር ነው የሚያልቀው። በ2016 በሦስተኛነት ኮለምበስ መረጠው። ጃንዋሪ 2021 ላይ መሄድ እንደሚፈልግ ታወቀ፣ በአንድ ጨዋታ ላይ ሩጫው ሁሉ የግዴታ መሰለ፣ አሰልጣኙ አራት ደቂቃ እንኳን ሳያጫውተው ወንበር ላይ አስቀመጠው። ያንን ቪዲዮ ሆኪ የሚወድ ሰው ሁሉ አይቶታል። በሁለተኛው ቀን ወደ ዊኒፔግ ሄደ። ዋጋው ፓትሪክ ላይኔ፣ በዚያው ድራፍት ሁለተኛ የነበረው፣ ከጃክ ሮስሎቪክ ጋር። ቅናሽ የለም እኮ! ለምን? ላይኔም መውጣት ይፈልግ ነበር፣ ሁለቱም ሻጮች ቪዛቸው ደርሷል።

በ2023 ከዊኒፔግም ልሂድ አለ። ሎስ አንጀለስ ሦስት ተጫዋችና አንድ የሁለተኛ ዙር ተራ ከፈለበት፣ ስምንት ዓመትም አስፈረመው፣ በዓመት 8.5 ሚሊዮን ዶላር። በ2024 ሎስ አንጀለስ ለዋሽንግተን አሳልፎ ሲሰጠው ዋጋው አንድ በረኛ ነበር፣ ዳርሲ ኪምፐር፣ ያውም 34 ዓመቱ። ሰው ሁሉ አመሉ ነው ያረከሰው አለ። እኔ ግን ኮንትራቱ ነው እላለሁ። አመል የሌለበት ሰው ቢሆንም 40 ነጥብ አስመዝግቦ ሰባት ዓመት 8.5 ሚሊዮን የሚጠብቅ ከሆነ የሚያነሳው የለም። ዋሽንግተን አነሳው፣ በመጀመሪያው ዓመት 66 ነጥብ አስመዘገበ፣ ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ዓመት ኖሮት አያውቅም። ባልደረባዬ ልውውጡ ሲሰማ «አበዱ» ብሎ ነበር፣ አሁን ስሙን ማልያው ላይ አጽፎ ይለብሳል።

አንድ ነገር ሳላነሳ ባልፍ ቅር ይለኛል። ስሙን የሚያወጣው ማን ነው? መልማይ፣ አሰልጣኝ፣ ማናጀር። ልጁን ከሸጡ በኋላ ሽያጩ ትክክል እንደነበር ማስረዳት ያለባቸውም እነሱው ናቸው። ቦስተን በ2013 ገና 21 ዓመቱ የነበረውን ታይለር ሴጊንን ለዳላስ ሲሰጥ ኃላፊዎቹ ስለ ልጁ ጠባይ ሲነጋገሩ የተቀረጸ ስብሰባ በቴሌቪዥን ታይቷል፣ ጠረጴዛ ከበው፣ አንዱ ሲጀምር ሌላው እየጨመረበት። ሴጊን በቀጣዩ ዓመት ዳላስ ውስጥ 37 ጎል አገባ።

ጆሽ ሆ-ሳንግ ደግሞ በ2014 ኒውዮርክ አይላንደርስ በ28ኛነት የመረጠው ድንቅ ልጅ ነበር። በ2015 የልምምድ ካምፑ የመጀመሪያ ቀን ላይ አርፍዶ ተነሳ፣ እንቅልፍ ጣለው። ወዲያው ወደ ወጣቶች ሊግ ተመለሰ። ያቺ አንዲት ጠዋት እስከ መጨረሻው ተከተለችው፣ ሊጉ ውስጥ 53 ጨዋታ ብቻ ነው ያደረገው። አባቱ ጃማይካዊ ነው፣ ልጁም ፊት ለፊት ተናጋሪ ነው። ሌላ መልክና ሌላ ስም ያለው የ19 ዓመት ልጅ አርፍዶ ቢነሳ «ልጅ አይደል» ይባል አልነበረም ወይ ብዬ እጠረጥራለሁ።

ከዚህ የሚከፋው አኪም አሊዩ ነው። ናይጄሪያ የተወለደ፣ ዩክሬን ያደገ፣ በልጅነቱ ካናዳ የገባ። በ2005 ዊንድሰር በሚባለው የካናዳ የወጣቶች ሊግ ክለብ ውስጥ አዲስ ተጫዋቾችን ልብስ አስወልቆ አውቶቡስ ሽንት ቤት የማጎር «ልማድ» ነበር፣ አሊዩ አሻፈረኝ አለ፣ ጠቡ ተነሳ፣ ከክለቡ ወጣ። «አስቸጋሪ» የሚል ስም ይዞ። ቺካጎ በ2007 በ56ኛነት መረጠው። ኖቬምበር 2019 ላይ ከአሥር ዓመት በፊት በታችኛው ሊግ አሰልጣኙ የነበረው ቢል ፒተርስ መልበሻ ክፍል ውስጥ በዘረኛ ስድብ እንደሰደበው አደባባይ አወጣ። በቀናት ውስጥ ፒተርስ ከካልጋሪ አሰልጣኝነቱ ለቀቀ። አሊዩ ኤንኤችኤል ውስጥ ያደረገው ጨዋታ በድምሩ ሰባት ነው። እንግዲህ ለዓመታት ማስታወሻ ደብተሮቹ ላይ «አመል» ተብሎ የተጻፈው ምን ነበር?

ድሩዋንም በ2021 ለዓመታት በጭንቀትና በእንቅልፍ ማጣት ሲሠቃይ እንደነበር ራሱ በቴሌቪዥን ተናግሯል።

የዋጋውን ነገር ልጨርስ፣ የሁሉም አባት የሆነ ልውውጥ አለና። በ1991 ኩቤክ ኖርዲክስ ኤሪክ ሊንድሮስን በአንደኛነት መረጠ። ልጁ መድረክ ላይ ወጣ፣ ማልያውን ሰጡት፣ በእጁ ያዘው እንጂ አልለበሰውም። አንድ ሙሉ ዓመትም ሳይፈርም ቆየ። ጊዜው ኩቤክ ላይ እየሄደ ነው፣ አንድ ዓመት ከጨመረ ልጁ ድራፍት ውስጥ ተመልሶ ይገባል። እስካሁን ባልነው ሂሳብ ዋጋው መውደቅ ነበረበት፣ አይደል? ግን ገዢው አንድ አልነበረም። በጁን 1992 የኩቤክ ፕሬዚዳንት ከፊላዴልፊያም ከሬንጀርስም ጋር ተስማማ፣ አንዱን ልጅ ለሁለት ሰው ሸጠው! ሊጉ ላሪ በርቱዚ የሚባል ገላጋይ ዳኛ አስገባ፣ ጁን 30 ላይ ለፊላዴልፊያ ተፈረደ።

ዋጋው ስድስት ተጫዋቾች፣ ሁለት የአንደኛ ዙር ተራዎችና 15 ሚሊዮን ዶላር ነበር (ያኔ ልውውጥ ላይ ገንዘብ መጨመር ይቻል ነበር)። ከስድስቱ አንዱ ገና ስዊድን ያለ ልጅ ነበር፣ ፒተር ፎርስበርግ። ሊንድሮስ በ1995 የሊጉ ኮከብ ተባለ፣ ስታንሊ ካፕን ግን አላነሳም። ፎርስበርግ አነሳ፣ በ1996። ያኔ ግን ክለቡ ኩቤክ አልነበረም። አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1995፣ ተሽጦ ዴንቨር ገብቷል፣ ስሙም ኮሎራዶ አቫላንች ሆኗል። የኩቤክ ሰው ሊንድሮስን የሸጠበትን ዋንጫ በቴሌቪዥን አየው።